ስለ ሞንቴ ካሲኖ ገዳም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞንቴ ካሲኖ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረተው፣ በላቲን ቤተ ክርስቲያን የገዳም ሥርዓት መነሻ ተደርጎ የሚቆጠር ጥንታዊ ገዳም ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ «ከ529 ጀምሮ» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፋል። ሆኖም ቦታው አራት ጊዜ ፈርሶ አራት ጊዜ የተሠራ፣ በመካከሉም ከመቶ ዓመት በላይ ወና ሆኖ የቆየ ስለሆነ፣ ከምሥረታው ይልቅ መሰደዱና መመለሱ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገዳሙ የት ይገኛል? ስሙስ ምን ማለት ነው?

ገዳሙ ከሮም በስተደቡብ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ናፖሊ በሚወስደው ጥንታዊ መንገድ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 520 ሜትር ገደማ በሚሆን ተራራ አናት ላይ ይገኛል። «ሞንቴ» በጣሊያንኛ ተራራ ማለት ሲሆን፣ ካሲኖ ደግሞ ሮማውያን ካሲኑም ይሏት ከነበረችው ከግርጌው ከተማ የተወሰደ ስም ነው። በግዕዝ «ደብር» የሚለው ቃል ተራራንም ገዳምንም ስለሚያመለክት፣ የአማርኛ አንባቢ ስሙን «ደብረ ካሲኖ» ብሎ ቢያነበው ከትርጉሙ አይርቅም።

ቦታው ለጸሎት የተመቸ ከፍታ ብቻ አልነበረም። ከደቡብ ተነሥቶ ሮምን የሚሻ ሠራዊት ብዙ ጊዜ በተራራው ሥር ያልፍ ነበር። ገዳሙ በተደጋጋሚ የመፍረሱን ምክንያት የሚጠይቅ ሰው የመልሱን እኩሌታ ካርታውን በማየት ያገኘዋል።

መሥራቹ ማን ነው? ገዳሙስ እንዴት ተመሠረተ?

ቤኔዲክቶስ በ480 አካባቢ ኖርሲያ በምትባል የመካከለኛው ጣሊያን ከተማ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ሮም ቢላክም የከተማውን ኑሮ ትቶ፣ ከሮም በስተምሥራቅ ባለው በሱቢያኮ ዋሻ ሦስት ዓመት በብሕትውና ኖረ። ዝናው ሲወጣ በአቅራቢያው የሚኖሩ መነኮሳት አበምኔት እንዲሆናቸው ለመኑት፤ ሥርዓቱ ሲጠብቅባቸው ግን መርዝ በወይን ቀላቅለው ሊገድሉት ሞከሩ። ከዚያ ወዲያ በሱቢያኮ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት መነኮሳት ያሉባቸውን አሥራ ሁለት ትናንሽ ገዳማት አቋቋመ፤ የአካባቢው ቄስ ቅናት ሰላም ስለነሣው ግን ጥቂት ተከታዮቹን ይዞ ወደ ካሲኖ ተሻገረ።

በተራራው ላይ የጠበቀው ባዶ መሬት አልነበረም። በዚያ ዘመን እንኳ የገጠሩ ሕዝብ መሥዋዕት የሚያቀርብበት የአፖሎ ቤተ ጣዖትና በዙሪያው የተቀደሰ ዛፍ ነበረ። ቤኔዲክቶስ ጣዖቱን ሰበረ፣ ዛፉን ቆረጠ፣ በቤተ ጣዖቱ ውስጥ በቅዱስ ማርቲን ስም፣ መሠዊያው በነበረበት በአናቱ ላይ ደግሞ በመጥምቁ ዮሐንስ ስም ጸሎት ቤት ሠራ። እስኪሞትም ድረስ ከዚያ ተራራ አልተለየም። የዕረፍቱ ቀን በትውፊት ማርች 21 ቀን 547 ነው።

በዚያ ዘመን ጣሊያን አገሩን ይገዙ በነበሩት በጎቶችና በቢዛንታይን (በምሥራቅ ሮም) ንጉሠ ነገሥት በዩስጢንያኖስ ሠራዊት ጦርነት እየታመሰች ነበር። የጎቶች ንጉሥ ቶቲላ ቤኔዲክቶስን ሊፈትነው ፈልጎ ጋሻ ጃግሬውን የንጉሥ ልብስ አልብሶ እንደላከው፣ አባም ከተቀመጠበት ሳይነሣ ልጁ የለበሰው የራሱ ስላልሆነ እንዲያወልቀው እንደነገረው ይተረካል።

529 የሚለው ዓመት ምን ያህል እርግጠኛ ነው?

ዓመቱ በኋላ ዘመን ትውፊት የጸና ነው። ስለ ቤኔዲክቶስ ሕይወት ያለን ዋና ምንጭ ታላቁ ጎርጎርዮስ የተባሉት የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በ593 እና በ594 አካባቢ የጻፉት ገድል ነው። ጎርጎርዮስ ታሪኩን የሰሙት ከአራት የቤኔዲክቶስ ደቀ መዛሙርት መሆኑን ስማቸውን ጠርተው ይናገራሉ፤ ሆኖም የምሥረታውን ዓመት አይሰጡም። ንጉሠ ነገሥቱ ዩስጢንያኖስ የአቴናን የፍልስፍና ትምህርት ቤት ዘጋ የሚባለውም በዚያው በ529 በመሆኑ፣ የኋላ ጸሐፊዎች ሁለቱን አጣምረው አንድ ዘመን ሲያበቃ ሌላው እንደጀመረ አድርገው መተረክ ይወዳሉ። ግጥምጥሙ ከልክ ያለፈ ያማረ ስለሆነ፣ ዓመቱን እንደ ቁርጥ ቀን ከመያዝ በ530 ግድም ማለቱ የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

ጽሑፉም ቢሆን ገድል እንጂ ዜና መዋዕል አይደለም፤ የገድላትን አጻጻፍ የሚያውቅ አንባቢ ተአምራቱን ከየትኛው ወገን እንደሚያነብ አይቸገርም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ጎርጎርዮስ ስለ ገዳሙ መጨረሻ የጻፉት ነው። አንድ የቅርብ ወዳጁ ቤኔዲክቶስን ምርር ብሎ ሲያለቅስ አገኘው። ምክንያቱን ሲጠይቀውም የሠራው ሁሉ ለአሕዛብ ተላልፎ እንደሚሰጥ፣ በብዙ ልመና የመነኮሳቱ ነፍስ ብቻ እንደተማረችለት ነገረው። ጎርጎርዮስ ይህን ሲጽፉ ገዳሙ ፈርሶ ነበር፤ የተሰደዱት መነኮሳትም እርሳቸው ባሉባት በሮም ይኖሩ ነበር።

የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት ምን ይዟል?

ሥርዓቱ መቅድምና 73 ምዕራፎች ያሉት አጭር መጽሐፍ ነው። የሚደነግገው በእኛ አነጋገር የአንድነት ገዳምን ኑሮ ነው፤ መነኮሳቱ በአንድ ማዕድ ይመገባሉ፣ በአንድ አበምኔት ይታዘዛሉ፣ የግል የሚባል ንብረት የላቸውም። 33ኛው ምዕራፍ መነኩሴ መጽሐፍም ሆነ የመጻፊያ ሰሌዳ ወይም ብዕር እንኳ የእኔ እንዳይል ይከለክላል። መነኩሴው በገባበት ገዳም እስከ ሞት ለመጽናት ቃል ይገባል፤ ከገዳም ገዳም የሚዞረውን መነኩሴ ቤኔዲክቶስ አጥብቆ ይነቅፈዋል።

ቀኑ ለጸሎት፣ ለእጅ ሥራና ለንባብ ይከፈላል። መዝሙረኛው በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ባለው መሠረት ሰባት የቀን ጸሎቶችና አንድ የሌሊት ጸሎት ተመድበዋል፤ 150ው መዝሙረ ዳዊትም በየሳምንቱ መፈጸም አለበት። ከመስከረም መባቻ ትንሽ ቆይቶ፣ ማለትም ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ማዕድ የሚቀርበው በዘጠነኛው ሰዓት ነው። ሮማውያን ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ይቆጥሩ ስለነበር፣ ይህ ዘጠነኛ ሰዓት ከእኛው የጾም ዘጠኝ ሰዓት ጋር አንድ ነው፤ በሌላ ቋንቋ የሚያነቡት ስሌት የሚያስፈልጋቸውን እኛ እንዳለ እንረዳዋለን።

የሥርዓቱ ጠባይ በደንብ የሚታየው ስለ ወይን በተጻፈው ምዕራፍ ነው። ቤኔዲክቶስ ወይን ለመነኮሳት ፈጽሞ እንደማይገባ ማንበቡን ይናገርና፣ የዘመኑን መነኮሳት ይህን ማሳመን ስላልተቻለ ቢያንስ እስከ ጥጋብ እንዳይጠጡ እንስማማ ይላል። ለእያንዳንዱ በቀን የሚሰጠውን አንድ ሄሚና ይወስናል፤ ልኬቱ ከሩብ ሊትር ጥቂት ከፍ ይላል። ሕግ አውጪ ሆኖ ለሰው ድካም እንዲህ የሚያዝን ሰው በጥንቱ የምንኩስና ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ሥርዓቱ ከሌሎች ጥብቅ ሥርዓቶች ልቆ መላውን ምዕራብ አውሮፓ ያዳረሰውም በዚህ ልከኛነቱ ይመስላል።

«ጸልይ፣ ሥራም» የሚለው የታወቀ የላቲን መፈክር በሥርዓቱ ውስጥ ይገኛል?

አይገኝም። ሐሳቡ ከሥርዓቱ መንፈስ ጋር ቢስማማም፣ አባባሉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ ነው። በሥርዓቱ ውስጥ የሚገኘው ሥራ ፈትነት የነፍስ ጠላት ነው የሚለው ቃል ነው፤ መፈክሩ የሚረሳው ንባብም በሥርዓቱ የራሱ የተመደበ ሰዓት አለው። በዐቢይ ጾም መግቢያ እያንዳንዱ መነኩሴ ከመጻሕፍት ቤቱ አንድ መጽሐፍ ተቀብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ታዟል። የገዳሙ የኋላ ታሪክ ከዚህች አጭር ትእዛዝ ጋር የተያያዘ ነው።

ሥርዓቱ ከግብፅ ምንኩስናና ከእኛ ገዳማት ጋር ዝምድና አለው?

በቀጥታ የተላለፈ ነገር የለም፤ ምንጩ ግን አንድ ነው። ቤኔዲክቶስ በመጨረሻው ምዕራፍ የእርሱ ሥርዓት ለጀማሪዎች የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ መሆኑን ተናግሮ፣ ወደ ፍጹምነት የሚሻ ግን የአበውን ገድልና ንግግር እንዲሁም የአባታችንን የባስልዮስን ሥርዓት እንዲያነብ ያዛል። የአበውን ንግግር ወደ ላቲን ዓለም ያመጣው ዮሐንስ ካስያን ነው፤ እርሱም በግብፅ በረሃ ከነበሩ አባቶች ዘንድ ተምሮ፣ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ) ምድር የጻፈ ሰው ነው።

ከዚያው ከግብፅ ምድር የወጣው የአባ እንጦንስና የአባ ጳኩሚስ ትውፊት በሌላ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ደርሷል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ደብረ ዳሞን የመሠረቱትን አቡነ አረጋዊን የአባ ጳኩሚስ ደቀ መዝሙር ያደርጋቸዋል፤ የዘጠኙ ቅዱሳን ዘመንም ከ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 6ኛው የሚዘልቅ በመሆኑ፣ ደብረ ዳሞና ሞንቴ ካሲኖ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በመካከላቸው ያለውም ልዩነት ልብ ይሏል፦ ደብረ ዳሞ በጠፍር ካልሆነ የማይወጣበት አምባ ሲሆን፣ ሞንቴ ካሲኖ ግን ለሚያልፍ ሠራዊት ሁሉ የተጋለጠ ነበር።

ገዳሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረሰው መቼ ነው?

በ577 አካባቢ፣ ጣሊያንን ከሰሜን ወርረው ከያዙት ከሎምባርዶች ወገን በደቡብ የቤኔቬንቶ መስፍን የነበረው ዞቶ በሌሊት ወርሮ ዘረፈው። ቤኔዲክቶስ እንደተናገረውም ሰው አልሞተም፤ መነኮሳቱ ሁሉ ወደ ሮም አመለጡ። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያው ገዳም የሎምባርዶችን ታሪክ የጻፈው ጳውሎስ ዲያቆን መነኮሳቱ ሲሸሹ ይዘዋቸው የሄዱትን ዕቃዎች ይዘረዝራል፤ ቤኔዲክቶስ የጻፈው የሥርዓቱ መጽሐፍ፣ የእንጀራው ሚዛንና የወይኑ መስፈሪያ፣ በችኮላም ማንሣት የቻሉት ቁሳቁስ። ወርቅና ብር አልተጠቀሰም። በሥርዓቱ የተጻፈው የዕለት ድርሻ በምን እንደሚለካ ከጠፋ ሥርዓቱ ራሱ ቃል ብቻ እንደሚሆን የገባቸው ሰዎች ነበሩ።

ተራራው ከዚያ በኋላ ወደ 140 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ገዳም ቆየ። ስለዚህ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚያ ቦታ ሳይቋረጥ የኖረ ማኅበር አለ ማለት ስሕተት ነው።

ማን መልሶ አቋቋመው?

የብሬሺያ ተወላጅ የሆነው ፔትሮናክስ፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በዳግማዊ ጎርጎርዮስ ምክር በ718 አካባቢ ወደ ተራራው ወጥቶ በፍርስራሹ ውስጥ ይኖሩ የነበሩትን ጥቂት ባሕታውያን ሰበሰበ። በ729 ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ የተመለሰ ዊሊባልድ የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ መጣና የገዳሙን ኑሮ በማስተካከል አሥር ዓመት ያህል አብሯቸው ቆየ። ቀጥሎም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘካርያስ ከሮም የሥርዓቱን ጥንታዊ መጽሐፍ መልሰው ላኩላቸው። በ744 ደግሞ የቤኔቬንቶው መስፍን ዳግማዊ ጊዙልፍ በዙሪያው ያለውን ሰፊ መሬት ሰጣቸው፤ «የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ምድር» የተባለው ይህ ርስተ ጉልት ገዳሙን ጸሎት ቤትም ግዛትም አደረገው። ዘራፊው የቤኔቬንቶ መስፍን እንደነበረ፣ ሰጪውም የቤኔቬንቶ መስፍን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ገዳሙ በዚህ ዘመን የነገሥታት መጠጊያ ሆነ። ከአልፕስ ተራሮች ባሻገር የነበሩት የፍራንኮች ገዥ ካርሎማን በ747፣ የሎምባርዶች ንጉሥ ራትኪስም በ749 ሥልጣናቸውን ትተው መነኰሱ፤ ኋላም በዚያ ኖሩ። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ787 ገዳሙን ጎበኘ፤ ከሥርዓቱ ጥንታዊ መጽሐፍም ቅጂ ተገልብጦ እንዲላክለት ጠየቀ።

ቤኔዲክቶስ የጻፈው የሥርዓቱ መጽሐፍ ዛሬ የት አለ?

ጠፍቷል። በ883 ከጋሪሊያኖ ወንዝ አካባቢ የተነሡ ሳራሴን የሚባሉ ሙስሊም ወራሪዎች ገዳሙን አቃጠሉት፤ አበምኔቱን በርታሪዮስንም ገደሉት። የተረፉት መነኮሳት መጽሐፉን ይዘው ወደ ቴያኖ ከተማ ሸሹ። ከሎምባርዶችም ከሳራሴኖችም እጅ ያመለጠው ያ መጽሐፍ በ896 በቴያኖ ቤታቸው ላይ በተነሣ ተራ የእሳት አደጋ ተቃጠለ።

ደግነቱ ለሻርለማኝ የተላከው ቅጂ በመናገሻው በአኼን ሳለ፣ ሁለት መነኮሳት ከእርሱ ቃል በቃል ገልብጠው ነበር። ከዚያ ግልባጭ የተቀዳው በስዊዘርላንድ የሳንክት ጋለን ገዳም ያለው የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና ዛሬም አለ፤ ሊቃውንት የሥርዓቱን ንባብ ለማጽናት በመጀመሪያ የሚመለከቱት እርሱን ነው። መነኮሳቱ ከቴያኖ ወደ ካፑዋ ተዛውረው ቆዩና፣ በአበምኔት አሊጌርኖስ መሪነት በ950 አካባቢ ወደ ተራራቸው ተመለሱ።

የጣሊያንኛ ቋንቋ መጀመሪያ ከገዳሙ ጋር የሚነሣው ለምንድን ነው?

በመሬት ክርክር ምክንያት ነው። መነኮሳቱ በስደት ሳሉ ጎረቤት ባላባቶች መሬታቸውን ይዘው ስለነበር፣ ሲመለሱ ሙግት ተነሣ። በማርች 960 በካፑዋ በተሰየመ ችሎት ሦስት ምስክሮች ቀርበው ለገዳሙ መሰከሩ። የፍርዱ መዝገብ እንደ እኛ ግዕዝ የጽሑፍ ልሳን በነበረው በላቲን ተጻፈ፤ የምስክሮቹ ቃል ግን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ እንዳለ ሰፈረ፦ «ሳኦ ኮ ኬሌ ቴሬ፣ ፔር ኬሌ ፊኒ ኬ ኪ ኮንቴኔ፣ ትሬንታ አኒ ሌ ፖሴቴ ፓርቴ ሳንክቲ ቤኔዲክቲ»። ትርጉሙ «እነዚያን መሬቶች፣ እዚህ በተጠቀሱት ወሰኖች፣ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ወገን ሠላሳ ዓመት እንደያዛቸው ዐውቃለሁ» ማለት ነው። በጣሊያን የሕዝብ ቋንቋ እንደሆነ ታውቆ በሰነድ ላይ የሰፈረ የመጀመሪያ ቃል ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ የይዞታ ምስክርነት ነው።

ወርቃማው ዘመን የሚባለው የትኛው ነው?

ዴሲዴሪዮስ አበምኔት የነበረበት ከ1058 እስከ 1087 ያለው ጊዜ ነው። የቤኔቬንቶ መሳፍንት ልጅ የሆነው ይህ ሰው፣ ደቡብ ጣሊያንን እየያዙ በነበሩት በኖርማኖችና በሮም መካከል አስታራቂ ሆኖ ሲኖር፣ ገዳሙን በአውሮፓ ካሉት ሁሉ ከሚታወቁት አንዱ አደረገው፤ በመጨረሻም ሣልሳዊ ቪክቶር ተብሎ ለጥቂት ጊዜ በሮም መንበር ተቀመጠ። በእርሱ ዘመን የመነኮሳቱ ቁጥር ወደ ሁለት መቶ ደርሶ ነበር።

አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ አዲስ ሲያሠራ ዓምዶቹን ከሮም አስመጣ፣ የነሐስ በሮቹን ደግሞ በቁስጥንጥንያ አስቀረጸ። የገዳሙ ታሪክ ጸሐፊ ሊዮ እንደሚለው፣ ወለልና ግድግዳ በሙሴይክ (በትናንሽ ባለ ቀለም ጠጠሮች ድርድር) የሚያስጌጡ ባለሙያዎች በላቲኑ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ስለጠፉ ከቁስጥንጥንያ አስጠራቸው። ጥበቡ ዳግመኛ እንዳይጠፋም ወጣት መነኮሳት ከእነርሱ ሥር ሆነው እንዲማሩ አደረገ። ቤተ ክርስቲያኑን ኦክቶበር 1 ቀን 1071 የባረኩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ እስክንድር ናቸው።

በዚሁ ጊዜ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊ የሚባል ሰው በገዳሙ መነኰሰ፤ የዐረብኛን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ላቲን መልሶም ለአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያገለግል ትምህርት አቀረበ። ዋናውን ሥራ ለዴሲዴሪዮስ አበርክቶለታል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሙስሊም ወራሪዎች የተቃጠለ ገዳም የሙስሊሙን ዓለም ሕክምና ወደ ላቲን የማስገቢያ በር መሆኑ፣ በገዳሙ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ከሕንፃው ውበት ይልቅ ትልቅ ቦታ ያለው ነገር ነው።

መነኮሳቱ የትኞቹን የጥንት መጻሕፍት አተረፉ?

ቤኔቬንታን በሚባለው፣ ማእዘናማና ውብ በሆነው የአካባቢው ቁም ጽሕፈት ብዙ ብራና ጽፈዋል። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪቱስ ከጻፋቸው ታሪኮች መካከል የኔሮን ዘመን የያዘው ክፍል ወደ እኛ የደረሰው በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ገዳም በተጻፈ አንድ ብራና ብቻ ነው። ቫሮ ስለ ላቲን ቋንቋ የጻፈው እንዲሁም ፍሮንቲኑስ ስለ ሮም የውኃ መስመሮች የጻፈው ሥራም የዳኑት በዚያ በተገለበጡ ብራናዎች ነው። የፍሮንቲኑስ ብራና ዛሬም በገዳሙ አለ፤ የታኪቱስና የቫሮ ግን በፍሎረንስ ይገኛሉ።

የገዳሙ ብዕር ግን ሁልጊዜ ታማኝ አልነበረም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ የነበረው ጴጥሮስ ዲያቆን ለቤቱ ክብር ሲል ሰነድና ገድል ፈጥሮ ጽፏል። የገዳሙን ጥንታዊ ሰነዶች በአንድ መዝገብ ያሰባሰበውም እርሱ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ እውነተኛውን ከፈጠራው ሲለዩ ይኖራሉ።

የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ዐፅም የት ነው?

ሁለት ገዳማት ይከራከራሉ። በፈረንሳይ በሎዋር ወንዝ ዳር ያለው የፍለሪ ገዳም፣ ሞንቴ ካሲኖ ወና በነበረበት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኮሳቱ መጥተው ዐፅሙን እንደወሰዱ ይናገራል። ሞንቴ ካሲኖ ደግሞ ቤኔዲክቶስ ከእኅቱ ከቅድስት ስኮላስቲካ ጋር በአንድ መቃብር እስከ ዛሬ በመንበሩ ሥር እንዳረፈ ያስተምራል። ጳውሎስ ዲያቆን ራሱ የሞንቴ ካሲኖ ሰው ሆኖ ሳለ ፍራንኮች ዐፅሙን መውሰዳቸውን መጻፉ ለፍለሪ ወገን ጠንካራ ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ገዳሙ ለምን ተዳከመ?

ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬዴሪክ ከሮም መንበር ጋር ሲጣላ በ1239 መነኮሳቱን አባረረ። በዚያን ጊዜ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ለገዳሙ ተሰጥቶ በዚያ ይማር የነበረ አንድ ልጅ ወደ ናፖሊ ሄደ፤ ኋላ ታላቅ የነገረ መለኮት ሊቅ የሆነው ቶማስ አኲናስ ነው። በ1349 የመሬት መንቀጥቀጥ የዴሲዴሪዮስን ሕንፃ ጣለው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 5ኛ፣ ራሳቸው ቤኔዲክቶሳዊ በመሆናቸው፣ ለማሠራት ተነሡ። በ1454 ደግሞ ገዳሙ በቦታው ለማይኖሩ ሹማምንት ገቢው እንዲሰጥ ተደረገ፤ ይህ አሠራር ከማንኛውም ወራሪ ይልቅ ብዙ የአውሮፓ ገዳማትን ያደኸየ ነው። ሞንቴ ካሲኖ ከዚህ የወጣው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፓዱዋው የቅድስት ዩስጢና ማኅበር ጋር ሲዋሐድ ነው።

በ1799 የፈረንሳይ ወታደሮች ዘረፉት። በ1866 አዲሱ የጣሊያን መንግሥት ገዳማትን ሲዘጋ፣ ሕንፃው ብሔራዊ ቅርስ ተባለና መነኮሳቱ ጠባቂ ተብለው በቤታቸው ቀሩ።

በ1944 በቦምብ የተደበደበው ለምንድን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ወደ ሮም የሚወስደውን መንገድ ለመዝጋት የመከላከያ መስመራቸውን በካሲኖ ላይ አጽንተው ነበር። በጃንዋሪ የተጀመረው የኅብረቱ ጦር (የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የአጋሮቻቸው) ጥቃት ሲከሽፍ፣ ከሸለቆው ሽቅብ የሚያዩት ግዙፍ ሕንፃ በውስጡ የጠላት ተመልካች እንዳለ ብዙ ወታደሮች አመኑ። ተራራውን እንዲያጠቃ የታዘዘው የአራተኛው የህንድ ክፍለ ጦር አዛዥ ሕንፃው እንዲመታ ጠየቀ፤ የበላዮቹም ፈቀዱ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን ከሁለት መቶ በላይ አውሮፕላኖች ገዳሙን አወደሙት። በውስጡ የነበሩት አረጋዊው አበምኔት ግሬጎሪዮ ዲያማሬ፣ ጥቂት መነኮሳትና የተጠለሉ ሲቪሎች ነበሩ፤ የሞቱት ሲቪሎች ከሁለት መቶ በላይ እንደሆኑ ይገመታል። የጀርመን ወታደር በውስጡ አልነበረም፤ ፍርስራሹ ምሽግ እንዲሆን ከተመቸ በኋላ ግን ገቡበት። ድብደባው ግፍ ብቻ ሳይሆን በጦር ስልትም ስሕተት ነበር ለማለት ይህ ይበቃል።

ያ የህንድ ክፍለ ጦር ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1941፣ በከረን ተራሮች ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ከባድ ውጊያ ያደረገው እርሱ ነው። ሞንቴ ካሲኖ የተያዘው ግን ሜይ 18 ቀን 1944 በፖላንድ ወታደሮች ነው። ከገዳሙ አጠገብ ባለው መካነ መቃብር ከአንድ ሺህ በላይ ፖላንዳውያን ዐርፈዋል።

መጻሕፍቱና ብራናዎቹ እንዴት ተረፉ?

አስቀድመው ወጥተው ነበር። በኦክቶበር 1943 ዩሊዩስ ሽሌግል የሚባል ኦስትሪያዊ ሌተና ኮሎኔልና ማክሲሚሊያን ቤከር የሚባል ሐኪም ሻምበል፣ ሁለቱም የጀርመን ጦር መኮንኖች፣ ጦርነቱ ወደ ተራራው መቃረቡን ለአበምኔቱ አስጠንቅቀው መዛግብቱንና ቤተ መጻሕፍቱን በጭነት መኪና ማጓጓዝ ጀመሩ። ንብረቱ ወደ ስፖሌቶ ከዚያም ወደ ሮም ተወሰደ። ሥራው ያለ እንከን አልነበረም፤ ከናፖሊ ቤተ መዘክር መጥተው በገዳሙ በአደራ ከተቀመጡት ሥዕሎች የተወሰኑት ወደ ጀርመን ተወስደው፣ ከጦርነቱ በኋላ በኦስትሪያ በሚገኝ የጨው ማዕድን ጉድጓድ ተገኝተዋል። ብራናዎቹ ግን ከቤታቸው አራተኛ መፍረስ ዳኑ።

ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ጥንታዊ ነው?

አይደለም። ገዳሙ «በነበረበት ቦታ፣ እንደነበረው» በሚል ውሳኔ በአበምኔት ኢልዴፎንሶ ሬያ መሪነት እንደገና የተሠራ ነው፤ አምሳያውም የዴሲዴሪዮስ ሳይሆን በ1727 ተባርኮ የነበረው፣ ጌጥ በሚበዛበት በባሮክ ስልት የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ኦክቶበር 24 ቀን 1964 ዳግመኛ ባረኩት፤ በዚያው ቀን ቤኔዲክቶስን የአውሮፓ ጠባቂ ብለው ሰየሙት። ከአሮጌው የቀረውን ማየት የሚሻ ጎብኚ በመካከለኛው መግቢያ ያሉትን ከቁስጥንጥንያ የመጡ የነሐስ በሮች ይመልከት፤ በላያቸው የተቀረጸው ሥዕል ሳይሆን በብር ፊደል የተሞላ የገዳሙ ርስቶች ዝርዝር ነው።

መነኮሳት አሁንም በዚያ ይኖራሉ?

አዎን፣ ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ይኖራሉ። በ2014 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮ በገዳሙ ሥር የነበሩትን ሰበካዎች ወደ ሶራ ሀገረ ስብከት ስላዛወሩ፣ ከ744 ጀምሮ እየሰፋና እየጠበበ የኖረው ግዛት በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ረገድ ወደ ተራራው አናት ብቻ ተመልሷል። ጎብኚዎች ይገባሉ፣ መነኮሳቱም በየሰዓታቱ መዝሙረ ዳዊቱን ያደርሳሉ። የገዳሙ ምልክት የተቆረጠ ግንድና ከእርሱ የሚያቆጠቁጥ ቅርንጫፍ ነው።